በ14 ወር ሦስት ሞተሪኖ የጨረሰች ፒክአፕ

ጥያቄ፦ «ባለ 4 ሲሊንደር የናፍጣ ፒክአፕ አለኝ፤ ማርሹ በእጅ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲመታ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) 11 ዓመት አገልግሎኛል። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን በ14 ወር ውስጥ ሦስት ቀይሬያለሁ። አንዱ 6 ወር ሠራ፣ ሁለተኛው 5፣ አሁን ያለው ገና 3 ወሩ ነው፤ እሱም ጀምሮታል። ጠዋት ጠዋት ችግር የለም። ዕቃ ሳደርስ ውዬ ሞተሩ ሲግል ግን ቁልፉን ስመታ ‹ጠቅ› ይልና ዝም። ሞተሪኖውን በመዶሻ መታ መታ ሳደርገው ይነሳል። ሰሞኑን ደግሞ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚመስል ድምፅ አመጣ። ባትሪው አዲስ ነው። መካኒኬ ‹ዕቃው ፎርጅድ ስለሆነ ነው፣ ኦሪጅናል ግዛ› ይለኛል። ልግዛ?»

ምላሽ፦ ዛሬ አይግዙ። ኦሪጅናሉም ቢሆን እዚያው ቦታ ላይ ሲገባ ያው ነገር ሊገድለው ይችላል። መጀመሪያ ገዳዩን እንፈልገው።

መካኒክዎ የሚሉት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ደካማ ሞተሪኖ ገበያ ላይ ሞልቷል። ታድሷል ተብሎ የሚሸጥ አለ፤ ከፍተው ሲያዩት ካርቦኑ (ለሚሽከረከረው ክፍል ኃይል የሚያስተላልፈው) ብቻ ተቀይሮ ውጭው ቀለም ተቀብቷል። ግን የጻፉልኝን ቁጥሮች ደግመው ይዩአቸው። 11 ዓመት፣ ከዚያ 6 ወር፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 3። ጥፋቱ የዕቃው ብቻ ቢሆን ዕድሜው እንደ ዕድል ነበር የሚሆነው፤ አንዱ ዓመት ከመንፈቅ፣ አንዱ ሁለት ወር። የእርስዎ ግን በየተራው እያጠረ ነው የመጣው። ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለእኔ ግን መኪናው ላይ የሆነ ነገር ቀስ በቀስ እየባሰ እንደሆነ ይጠቁመኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የ11 ዓመቱ ሞተሪኖ ከመሞቱ በፊት ባሉት ወራት መኪናው ምን ተሠርቶ ነበር? በተለይ ፍሪሲዮን (ክላች) ተቀይሯል? ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዷል? ሞተር ተነሥቷል? ይህን የምጠይቀው በከንቱ አይደለም። ካምቢዮ ሲወርድ ሞተሪኖውም አብሮ ይፈታል። ሞተሩን ከሻንሲው (ከመኪናው የአካል ብረት) ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለስበት፣ ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ባለ ቡሎን ነው የሚታሰረው። ሥራው ሲያልቅ ሞተሪኖው ይመለሳል፤ ያለሱ መኪናው አይነሳማ። የማሳው ገመድ ግን ሳይታሰር ቢቀርም መኪናው ይነሳል። ለጊዜው።

እንዲህ ዓይነት ፒክአፕ አንድ ጊዜ እጄ ገብታ ነበር። ባለቤቷ ሁለት ሞተሪኖና አንድ ባትሪ ቀይሯል። ሥሯ ገብቼ ሳይ የማሳው ገመድ ከሻንሲው ላይ ተንጠልጥሏል። የሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ቡሎን የለም። የገረመኝ ሌላ ነው። የነዳጅ ፔዳሉ ሽቦ ሽፋኑ ቀልጦ ነበር። ምክንያቱም ሞተር በጎማ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ዋናው የማሳ መንገድ ሲጠፋ ያ ሁሉ አምፔር ባገኘው ቀጭን ብረት በኩል ይመለሳል፤ በፔዳል ሽቦ፣ በፍሪሲዮን ሽቦ፣ የሚዞሩ ዘንጎችን በሚሸከመው ኩሽኔታ ውስጥ። ገመዱን በአዲስ ቡሎን አሠርን። የተቃጠለውን ሽቦ ቀየርን። ችግሩ በዚያው ቆመ።

የእርስዎም ይሄው ነው እያልኩ አይደለም። ግን ስታርት ሲመቱ የፔዳል ሽቦ የሚግልብዎት ከሆነ፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች በሙሉ ተዳክመው የሚወርዱ ከሆነ፣ ፍለጋውን ከማሳ ይጀምሩ።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ልግባ። ሞተሪኖን ምን ይገድለዋል? ከማየው ነገር አብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል፦ የሚደርሰው ቮልት አንሶታል። ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ይጋባል። ቮልት ሲያንስ ጭነቱ የሚቀልለት ይመስላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሞተሪኖ ሲሽከረከር ራሱም በትንሹ እንደ ዲናሞ ይሠራል። ከባትሪ የሚመጣውን የሚገፋ ቮልት ያመነጫል። በፍጥነት በዞረ ቁጥር ይሄ ግፊት ይጨምራል፤ የሚስበው አምፔርም ይቀንሳል። ቀስ ብሎ ሲዞር ግን የሚገፋው ነገር ትንሽ ነው። ከባድ አምፔር ተሸክሞ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ካርቦኑ ይነድዳል፤ ሽቦው ላይ ያለው ሽፋን ይሰነጠቃል።

ሌላም አለ። በሞተሪኖው ጀርባ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሲሊንደር ሶሌኖይድ ትባላለች። ሁለት ሥራ አላት። የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ወደ ቮላኖው (ሞተሩ ኋላ ወዳለው ትልቅ ጥርሳም መንኮራኩር) ትገፋለች። ጥርሱ ሲገባ ደግሞ ሁለት ወፋፍራም መዳቦችን አገናኝታ ዋናውን ኃይል ትለቃለች። ለእሷ የሚመጣው ቮልት ሲያንስ መዳቦቹን አጥብቃ አትይዛቸውም። ገባ ወጣ ትላለች። በእያንዳንዱ ገባ ወጣ ላይ ብልጭታ አለ። ብልጭታው መዳቡን ይበላዋል። መዳቡ ሲበላ ደግሞ የሚያሳልፈው ኃይል ይቀንሳል። አንድ ‹ጠቅ› ብሎ ዝም የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፤ ሶሌኖይዷ ተስባለች፣ መዳቦቹ ግን ኃይል አላሳለፉም።

በመዶሻ ሲመቱት የሚነሳውም ለዚህ ነው። ምቱ የተበላውን መዳብ ወይም የተጣበቀውን ካርቦን ያነቃንቀዋል። ከቆሙበት ለመነሳት አንድ ጊዜ ቢያደርጉት አልቀየምዎትም። ልማድ አያድርጉት ግን። የአሁኖቹ ብዙ ሞተሪኖዎች ውስጣቸው በቋሚ ማግኔት ነው የተሠራው። ማግኔቱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። አንድ ቀን ይሰነጠቅና ፍርፋሪው ውስጡን ይጨርሰዋል። ምቱ ካስፈለገ በእንጨት፣ በቀስታ።

ጠዋት ሰላም ሆኖ ሲግል ለምን ያስቸግራል? መዳብ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን ይበልጥ ይከለክላል። በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ተቃውሞው ወደ 39 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ሞተሪኖው ጭስ መውጫው አጠገብ ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆም ሙቀቱ ይብስበታል፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ የለማ። ዕቃ አውርደው ከ10 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ ሲመለሱ የሚያስቸግርዎት ሰዓት በትክክል ያ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣ ስስ የቆርቆሮ መከለያ በሞተሪኖውና በጭስ መውጫው መካከል ይኖራል። በጥገና ጊዜ ይፈታና ‹ምን ያደርጋል› ተብሎ ይጣላል። የእርስዎ ካለ ይዩት። ከሌለ ያስመልሱት።

ሙቀቱ ግን ብቻውን አይገድልም። ዕድሜውን ሁሉ የ11 ዓመቱ ሞተሪኖም በዚያው ሙቀት ነው የኖረው። ሙቀቱ ያለውን ድካም ያወጣዋል ማለት ይሻላል። 1 ቮልት መንገድ ላይ እየጠፋ ከሆነ ጠዋት ይታገሱታል፤ ሲግል ግን ያቺ 1 ቮልት ትፈለጋለች።

1 ቮልት የት ይጠፋል ካሉኝ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። የናፍጣ ፒክአፕ ሞተሪኖ ሲሠራ 250 አምፔር ገደማ ይስባል እንበል። በገመዱ ላይ የሆነ ቦታ 0.004 ኦም ተቃውሞ ቢኖር፣ 250 በ0.004 ሲባዛ 1 ቮልት ነው። 0.004 ኦም ማለት ኢምንት ናት። ተርሚናል ሥር ያለ ቀጭን ነጭ ዝገት ይበቃል። ተራ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በኦም መለኪያው ይህን አያየውም። ውስጡ ተበጣጥሶ ጥቂት ክር ብቻ የቀረውን ወፍራም ገመድ እንኳ በኦም ቢለኩት ‹ደህና ነኝ› ይላል። ያለ ጭነት በቮልት ቢለኩትም 12.6 ያሳያል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ‹ለካሁት እኮ፣ ኃይል አለ› ብሎ ሞተሪኖ የሚቀይረው።

መለካት ያለበት ስታርት እየተመታ ነው። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ቁልፉን ይይዛል፣ አንዱ ቴስተሩን። ማርሹ ፎሌ (ዜሮ ማርሽ)፣ የእጅ ፍሬኑ የተጎተተ ይሁን። ሞተሩ እንዳይነሳብዎት በፓምፑ ላይ ያለውን የነዳጅ መዝጊያ ሶኬት ይንቀሉ፤ የእርስዎ ሞተር በኮምፒውተር የሚሠራ ከሆነ ግን ሶኬት ከመንቀል በፊት መካኒክዎን ያማክሩ። በአንድ ጊዜ ከ3 ሴኮንድ በላይ አይምቱት። እጅዎንና ልብስዎን ከቺንጋው (ከሚዞረው ቀበቶ) እና ከማራገቢያው ያርቁ።

ከባትሪው እንጀምር። ‹አዲስ ነው› ማለት ለእኔ መረጃ አይደለም፤ ቁጥር ነው የምፈልገው። ሞተር ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል። 12.0 ከሆነ ሩብ ገደማ ነው የቀረው። ከዚያ ስታርት እየተመታ ይለኩት። ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደካማ ነው፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። የቴስተሩን ጫፍ ባትሪው ራሱ ላይ ባለው የእርሳስ ብረት ጉጥ ላይ ያድርጉት፤ ገመዱ በታሰረበት ብረት ላይ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ዝገት ራሱ ተጠርጣሪ ነውና። ባትሪው ለቤንዚን መኪና የተሠራ ትንሽ ባትሪ አለመሆኑንም ያረጋግጡ። ናፍጣ በከፍተኛ እመቃ ስለሚሠራ ለማዞር ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ‹ይገባል› ተብሎ የተገጠመ ባትሪ መጠኑ ልክ ሆኖ አቅሙ ሊያንስ ይችላል።

ቀጥሎ ዋናው ገመድ። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ የሚታሰርበት ቡሎን ላይ። ስታርት ይመታ። የሚያዩት ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከ0.5 በላይ መሆን የለበትም። በላይ ከሆነ ጥቁሩን ጫፍ ወደ ባትሪው እያቀረቡ ይሂዱ። ቁጥሩ በድንገት የወረደበት ቦታ ላይ ጥፋቱ አለ።

ከዚያ ማሳው። እኔ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነውና። አንዱ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው በሞተሪኖው ገላ ላይ፣ ቀለም የሌለበት ንጹሕ ብረት ላይ። ስታርት ሲመታ ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ታሟል። ቀጥሎ ጫፉን ወደ ሞተሩ ብሎክ፣ ከዚያ ወደ ሻንሲው ይውሰዱት። ሞተሪኖው ላይ ብዙ፣ ብሎኩ ላይ ትንሽ ካሳየ ችግሩ ሞተሪኖው የተቀመጠበት ፊት ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ሞተሪኖ ቀለሙ ሳይፋቅ ሲገጠም ይሄ ይመጣል። መቀመጫውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፋቁት።

ቴስተር ከሌለዎት፣ መንገድ ላይ የሚሠራ አንድ ፈተና አለ። እኔ በጣም የምወደው ነው። ሞተሩ ግሎ ‹ጠቅ› ብሎ እምቢ ባለ ሰዓት፣ ባትሪ ለባትሪ ለማስነሳት የምንጠቀምበትን ወፍራም ገመድ ያውጡ። አንዱን ብቻ። አንድ ጫፉን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብሎክ ላይ ወይም ሞተሪኖው አጠገብ ባለ ወፍራም ብረት ላይ ያስሩ። ከሚሽከረከር ነገር ይራቅ። ከዚያ ቁልፉን ይምቱ። ሞተሪኖው ደህና አድርጎ ከዞረ ገዳዩን አገኙት፤ ማሳው ነው። ካልዞረ የማሳውን ገመድ ከዝርዝሩ አወጡት ማለት ነው።

አሁን ቀጭኑ ሽቦ። ቁልፉ ሲመታ ወደ ሶሌኖይዷ ኃይል የሚወስደው እሱ ነው። ብዙ መኪና ላይ ቁጥር 50 ተብሎ ይጻፍበታል፤ ወፍራሙ ደግሞ ቁጥር 30 ነው። ‹ጠቅ› ሲል በቁጥር 50 እና በሞተሪኖው ገላ መካከል ይለኩ። በዚያው ቅጽበት ባትሪው ላይ ካለው ቮልት ጋር ያነጻጽሩት። ባትሪው 11 ሆኖ እዚህ 8 ወይም 9 ከሆነ ችግሩ የቁልፉ ማብሪያ፣ ሪሌው (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን የሚያበራው)፣ ወይም ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚዘጋው ማብሪያ ነው። የድሮ ፒክአፕ ከሆነ የሶሌኖይዷ ጭነት በሙሉ በቁልፉ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ለ11 ዓመት ከዚያም በላይ በቀን ብዙ ጊዜ የተመታ የቁልፍ ማብሪያ ውስጡ ይቃጠላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በመካከል ሪሌ ይገባል፤ ቁልፉ ሪሌውን ብቻ ያዝዛል፣ ሪሌው ከባትሪ ቀጥታ በፊውዝ ያገኘውን ኃይል ለሶሌኖይዷ ይሰጣል።

ስለ ቁልፉ አንድ ሌላ ነገር። ሞተሩ ተነሥቶ ቁልፉን ከለቀቁ በኋላ በቁጥር 50 ላይ ዜሮ ቮልት መሆን አለበት። ዜሮ። ቁልፉ ደርቆ ወይም ቆሽሾ በራሱ የማይመለስ ከሆነ ኃይሉ አይቋረጥም። ጥርሱ ከቮላኖው ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። የቮላኖው ጥርስ ከሞተሪኖዋ ጥርስ ቁጥር 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ሲዞር ትንሿ ጥርስ 20,000 ትዞራለች ማለት ነው። ትንሿን ጥርስ በሚሸከመው ቤንዲክስ ላይ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚይዝ ክላች ስላለ አርማቸሩን (የሞተሪኖውን የሚሽከረከር እምብርት) ለጊዜው ያድነዋል። ለደቂቃዎች ግን አይችልም፤ ግሎ ሰማያዊ ይሆንና ይነድዳል። ከውጭ የተገጠመ ማንቂያ ወይም በርቀት ማስነሻ ካለዎትም ይጠርጥሩት። ሽቦው በደንብ ካልታሰረ ሞተር እየሠራ ስታርት ሊመታ ይችላል።

እዚህ ላይ ወደ ፍጭቱ ድምፅ እንምጣ። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ‹ጠቅ› ማለቱ የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ ፍጭቱ ግን ጥርስ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳስባቸው ታሪኩ እንዲህ ይመስለኛል። ቮልት ያነሳት ሶሌኖይድ ጥርሷን ሙሉ በሙሉ ሳታስገባ ሞተሪኖው ይዞራል። ጫፍ ለጫፍ የተነካካ ጥርስ የቮላኖውን ጠርዝ ይበላዋል። ከዚያ ሌላ ሞተሪኖ ይገባል። ጥርሱ አዲስ ነው፤ ቮላኖው ግን የተበላ። የተበላው አዲሱን ይበላዋል። አዲሱ ደግሞ ቮላኖውን ይብስ ያደርገዋል። 6፣ 5፣ 3 ወር የሆነው በዚህ ሊሆን ይችላል። ከእነሱ አንዱም እንኳ ጥሩ ዕቃ ቢሆን ከፊቱ የነበረው ያበላሸው ላይ ነው የገባው።

ስለዚህ ሞተሪኖው ሲወርድ ወዲያው አዲስ አያስገቡ። ባዶውን ቀዳዳ በባትሪ መብራት ይዩበት። አንድ ሰው ሞተሩን በመፍቻ ከፊት በኩል ቀስ ብሎ ያዙር። ጥርሶቹን አንድ በአንድ፣ ሙሉ ዙር እስኪያልቅ ይዩአቸው። ግማሽ ዙር አይቶ መተው ዋጋ የለውም። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ በዘፈቀደ አይቆምም። እመቃው ስለሚገፋው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ፊት ለፊት በሆኑ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ስታርት ሲመታ የሚጎዱትም እነዚያ ሁለት ቦታዎች ናቸው። ሌላው ሁሉ እንደ አዲስ ሆኖ እዚያ ብቻ ጥርሱ ተሸርፎ ያገኙታል። አንዳንዴ የሚፋጨው፣ አንዳንዴ ደህና የሚሆነውም ለዚህ ነው። የተሸረፈ ካገኙ የቮላኖው ቀለበት ይቀየር። ከባድ ሥራ ነው፤ ካምቢዮ ይወርዳል። ሳይቀየር የሚገባ ሞተሪኖ ግን፣ ኦሪጅናልም ሆነ አልሆነ፣ ያው ነው።

ሲመለስ ደግሞ መቀመጫው ይታይ። ሞተሪኖ በ2 ወይም 3 ቡሎን ነው የሚታሰረው። አንዱ ቡሎን ከላላ ወይም ጥርሱ ካለቀ ሞተሪኖው በጭነት ጊዜ ያዘነብላል፤ ጥርሱ ጠማማ ይገባል። አንዳንድ ሞተሪኖ ርቀቱን ለማስተካከል ስስ ብረት ሥሩ ይገባበታል። የድሮው ሲወጣ ያ ብረት ወድቆ እንዳይቀር። አዲሱ የትንሿ ጥርስ ቁጥር፣ የአፍንጫው (ጥርሷ የምትወጣበት የፊት ጫፍ) ርዝመትና የሚዞርበት አቅጣጫ ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይቁጠሩ። ‹ቡሎኑ ገጥሟል› ማለት ‹ልኩ ነው› ማለት አይደለም።

ስታርት ሲመቱ ለመነሳት ስንት ሴኮንድ ይፈጅብዎታል? አልጻፉልኝም። ደህና ናፍጣ ካንዴሌታው (ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ከሞቀ በኋላ በ2 ወይም 3 ሴኮንድ ይነሳል። 8 እና 10 ሴኮንድ የሚፈጅ ከሆነ ሞተሪኖው የሌላ ሰው ዕዳ እየከፈለ ነው። የተቃጠለ ካንዴሌታ፣ በነዳጅ መስመር የሚገባ አየር፣ የደከመ ፓምፕ ወይም ኢንጀክተር ይኖራል። ሞተሪኖ የተሠራው ለአጭር ሥራ ነው። ከ10 ሴኮንድ በላይ አይምቱት። ካልተነሳ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይረፍ። እርስዎ ዕቃ አድራሽ ስለሆኑ በቀን ብዙ ጊዜ ነው የሚያጠፉትና የሚያስነሱት። 250 አምፔር ለ2 ሴኮንድ ከባትሪው የሚወስደው ከ0.2 አምፔር ሰዓት ያነሰ ነው፤ ዲናሞው ቶሎ ይመልሰዋል። ለ15 ሴኮንድ ሲመታ ግን 1 አምፔር ሰዓት ያልፋል። ይህን በቀን 20 ጊዜ፣ በአጭር አጭር መንገድ ያስቡት። አዲሱ ባትሪ ማታ ላይ አዲስ አይደለም። ሞተር እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካላዩ ዲናሞውና ቺንጋውም ይታዩ።

ዘይትንም ልጥቀስ። ከሞተሩ ላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም ከኋላ የሚፈስ ዘይት ብዙ ጊዜ የሚንጠባጠበው ሞተሪኖው ላይ ነው። ከፍሪሲዮን አቧራ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሊጥ ይሆንና ካርቦኑን ያጣብቀዋል። የወረደው ሞተሪኖ ገላው በዘይት ከረጠበ ፍሳሹ መጀመሪያ ይዘጋ።

እስካሁን የሞቱትን ሁለቱን ሞተሪኖዎች ጥለዋቸዋል? ካሉ ደስ ይለኛል። ይከፈቱ። የሶሌኖይዷ መዳቦች ተቃጥለው ጉድጓድ ከሆኑ ወደ ቮልት ማነስ ይወስደናል። ካርቦኑ አልቆ ሽቦው ከጠቆረ ረጅም ስታርት ወይም ዝግ ያለ ማዞር ነው። ቤንዲክሱ ሰማያዊ ከሆነ ቁልፉን እጠረጥራለሁ። የጥርሱ የፊት ጠርዝ ከተሸረፈ ቮላኖውንና መቀመጫውን። አፍንጫው ከተሰበረ ነገሩ ከበድ ይላል። ሞተሩ ሲዞር የሆነ ነገር አግዶታል ማለት ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውኃ ወይም ነዳጅ ሊሆን ይችላል። የራዲያተር ውኃ እየጎደለብዎት ከሆነ ደግሞ ስታርት መምታቱን ትተው የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን ያስመርምሩ።

የ11 ዓመቱ ሞተሪኖስ የት ነው? ሱቅ ጥግ ላይ ወድቆ ከሆነ እሱን ነው የምመርጥልዎት። ገላው ከመኪናው ጋር የተሠራ ነው፤ ልኩ አያጠራጥርም። አርማቸሩ ካልተቃጠለ መዳቡ፣ ካርቦኑ፣ ቦኮላው (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ወይም ኩሽኔታው ተቀይሮ፣ ቤንዲክሱ ታይቶ ይመለስ። በደንብ የታደሰ የፋብሪካ ሞተሪኖ ከርካሽ አዲስ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ከሌለ ግን፣ ገመዱና ማሳው ተስተካክሎ፣ ቮላኖው ታይቶ ካበቃ በኋላ፣ የመካኒክዎን ምክር ይስሙና ኦሪጅናሉን ይግዙ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ላይ ፊውዝ የለም፤ የብረት መፍቻ ቢነካው ብየዳ ነው የሚሆነው።

መለኪያዎቹን ሁለት ጊዜ ያድርጓቸው፤ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ ግሎ ‹ጠቅ› በሚልበት ሰዓት። የባትሪውን፣ የዋናውን ገመድ፣ የማሳውንና የቁጥር 50ን። ስምንት ቁጥር ነው። ፍሪሲዮኑ መቼ እንደተቀየረም አብረው ይጻፉልኝ፤ ከቁጥሮቹ ተነሥተን ቀጣዩ የሚፈታው ቡሎን የትኛው እንደሆነ እንወስናለን።